አሰላና በቆጂ በአንድ ቅዳሜ

ከውጭ አገር የሚመጡ የልጅ ልጆች ያሉት ሰው ቀን አቆጣጠሩ ከሌላው ሰው ይለያል። ልጄ ለገና ሁለት ልጆቿን ይዛ ከሚኒሶታ ስትመጣ በእጃችን የነበረው አሥራ ስድስት ቀን ነው። ሁለቱን ቀን እንቅልፍ ወሰደው፤ ሦስቱን ጉንፋን። ዘመድ ጥየቃው ደግሞ አለ፤ አንዱ ቤት ገብቶ ሌላው ቤት አለመግባት እንደማይቻል እናንተም ታውቁታላችሁ። ተቀናንሶ ለሽርሽር የተረፉን ሁለት ቅዳሜዎች ብቻ ሆኑ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ቀላል ነበር። ቤተ መንግሥትና ካቴድራል በአንድ ቀን ማየት ለሚፈልግ አራት ኪሎን የመሰለ ቦታ የለም። በ2012 ዓ.ም መጀመሪያ ለሕዝብ በተከፈተው አንድነት ፓርክ ገብተን የምኒልክን እንቁላል ቤትና የዙፋን አዳራሹን አየን። ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት አስሮበት ወደነበረው ምድር ቤትም ወረድን። ከዚያ በእግር ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሄድን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን ያረፉት እዚያ ነው። በ1967 ዓ.ም ኅዳር ላይ የተረሸኑት ባለሥልጣናት መታሰቢያም በዚያው ግቢ ይገኛል። የአሥራ ሁለት ዓመቱ የልጅ ልጄ ምድር ቤቱንና መቃብሩን ራሱ አገናኝቶ «እነዚያ ሰዎች እነዚህ ናቸው?» አለኝ። ሁሉንም አይተን ለምሳ ቤት ደረስን። ልጆቹም አልደከሙም፤ ጉልበቴም አልታመመ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ግን እንደዚያ የሚሆን አልነበረም። አርሲ መሄድ ነበረብን፤ በአርሲም ውስጥ ሁለት ከተማ። ሁለቱ ከተሞች በእግር አይገናኙም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ የተወለደችው አሰላ ነው፤ ልጆቿ የተወለደችበትን ቤት እንዲያዩላት ትፈልጋለች። ልጇ ደግሞ በትምህርት ቤቱ የአገር አቋራጭ ቡድን ውስጥ ይሮጣል፤ ለእሱ ኢትዮጵያ ማለት በቆጂ ናት። እኔ የምፈልገው ሌላ ነበር። የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ እህት በቆጂ ይኖራሉ። ሰማንያን አልፈዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ከተቀመጡበት ተነሥተው አዲስ አበባ የሚመጡበት ዘመን አብቅቷል። የወንድማቸውን የልጅ ልጆች በስልክ ድምፅ እንጂ በእጃቸው ዳሰው አያውቁም። ልጆቹ ማክሰኞ ሌሊት ይበራሉ። ቀጥሎ የሚመጡት መቼ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ እትዬን ማግኘት አለማግኘታችንን የሚያውቅ አንድዬ ብቻ ነው።

መኪናውን የሚነዳው ወንዱ ልጄ የራሱ ሐሳብ ነበረው፦ በጨለማ ከአዳማ ወዲያ ማዶ መንዳት አልፈልግም አለ። ትክክል ነው። ሰሞኑን መንገዱ እንዴት እንደሆነም እዚያው ለሚኖሩ ዘመዶች ደጋግሞ ደወለ። በዚህ ዘመን አርሲ የሚሄድ ሰው ይህን ስልክ ሳይደውል መነሣት የለበትም፤ መልሱ «ቆዩ» ከሆነም መቆየት ነው። ለእኛ «ኑ፣ ሰላም ነው» ተባልን።

ቀሪው የሒሳብ ጉዳይ ነበር። ከአዲስ አበባ አሰላ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአሰላ በቆጂ ደግሞ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨመራል። ደርሶ መልስ 460 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ልጄ «በመንገዳችን ላይ ያለውን አሰላን ቀድመን እንይና በቆጂ እንቀጥል» አለች። እኔ እንቢ አልኩ። ከልጆች ጋር ስትጓዙ ቅርቡን ካስቀደማችሁ ሩቁ ይቀራል፤ አንዱ ይርበዋል፣ አንዷ ትተኛለች፣ ሰዓቱ ይሄዳል። ሩቁን አስቀድሞ ቅርቡን ለመልስ መተው ነው የሚሻለው። ጊዜ ካጠረ የሚቀነሰው አሰላ ላይ ይሁን፤ እትዬ ላይ አይሁን። ልጄ ቅር አላት፤ ግን ገባት።

ለጉዞው ያሰናዳሁት ይህን ነው፦ ለእያንዳንዱ ሰው ሹራብ፣ ለእኔ ጋቢ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ውኃ፣ መኪና ለሚያጥወለውላት ለትንሿ ሎሚና ፌስታል፣ የእኔ የደም ግፊት መድኃኒት። ለእትዬ ደግሞ ቡና፣ ስኳርና ነጠላ። ሹራቡ ላይ ልጆቹ ስቀውብኝ ነበር፤ እነሱ የመጡት በረዶ ከሚወርድበት አገር ነው። የታኅሣሥን የበቆጂ ማለዳ ውርጭ ግን አያውቁትም።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሣን። ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ መንገዱን ከያዛችሁ አዳማ ድረስ አንድ ሰዓት ነው፤ ልጆቹም ተኝተውልን ነበር። አዳማ ቁርስ በላን። መጸዳጃ ቤት መግባት የሚፈልግ ሁሉ እዚህ ይግባ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ምርጫ ጥቂት ነው።

የአሰላ መንገድ ከአዳማ ወጥቶ መጀመሪያ ቁልቁል ይወርዳል። የወንጂን ሸንኮራ አገር ወደ ጎን ትቶ መልካሳ ላይ አዋሽን ይሻገራል። እዚህ ቆላ ነው፤ ግራር፣ አቧራ፣ ግመልም አይጠፋም። ሹራቦቹ ሁሉ ወለቁ። ዴራን ካለፋችሁ በኋላ ግን መኪናው ድምፁን ይቀይራል፤ ዳገቱ ጀመረ ማለት ነው። ከ1,600 ሜትር ገደማ ተነሥታችሁ አሰላ ስትደርሱ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ በቆጂ ስትደርሱ ደግሞ 2,800 ሜትር አካባቢ ናችሁ። ግራሩ ይቀርና ባሕር ዛፍ ይመጣል፣ አቧራው ይቀርና ስንዴ ይመጣል። በልጅነቴ አባቴ በአውቶቡስ ሲያመላልሰኝ ከዴራ ወዲህ ያለውን አየር አፍንጫዬ ነበር የሚለየው። አሁንም መስኮቱን ዝቅ አድርጌ አሸተትኩ። የታጨደ ስንዴ ሽታ ነው።

ወደ ኢተያ ስንወጣ የልጅ ልጄ ነቅቶ ነበር። ከአራት ኪሎ የጀመረ አንድ ጥያቄ ይዟል። «እማማ፣ ምኒልክ የእዚህም ንጉሥ ነበር?»

ነበሩ አልኩት። ከዚያ እንዴት ሆኑ አለ።

አሁን ይህን ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እንዴት ትናገራላችሁ? ኢተያ የምትገኘው በሂጦሳ ወረዳ ነው። የአኖሌ የሰማዕታት ሐውልትና ሙዚየም በ2006 ዓ.ም የተመረቀው በዚሁ ወረዳ ነው፤ ሐውልቱ የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ ነው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከመሆናቸው በፊት የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ዓ.ም ጦራቸው አርሲን ለማስገበር ለዓመታት ተመላልሷል። ኋላ ጦሩን የመሩት አጎታቸው ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። አርሲዎች በጦርና በፈረስ ጠመንጃን ተቋቋሙ፤ በመጨረሻ ተሸነፉ። በአኖሌ የሆነውን፣ የእጅና የጡት መቆረጡን፣ የአርሲ ሽማግሌዎች ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉት ኖረዋል። በዚህ ጉዳይ ዛሬም የሚከራከሩ አሉ። ክርክሩን እኔ በመኪና ውስጥ አልፈታውም።

ለልጁ የነገርኩት የቤታችንን ነው። የእኔ አያት ከዚያ ጦር ተከትለው ከመጡት ወገን ናቸው፤ መሬት ተሰጥቷቸው እዚሁ ቀሩ። የአያትህ አያት ደግሞ ያ መሬት በፊት የእነሱ ነበር፤ ኋላ በገዛ መሬታቸው ጭሰኛ ሆነው ካመረቱት ለባለ መሬት ይሰጡ ነበር። የእኔ ቤተሰብና የአያትህ ቤተሰብ በጋብቻ ከመገናኘቱ በፊት የተገናኘው እንዲህ ነው አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ «ስለዚህ እኔ ሁለቱንም ነኝ» አለ። አዎ፣ ሁለቱንም ነህ። ከዚያ ብስኩት ጠየቀ። እናቱ በመስተዋቱ አየችኝ፤ ለእሷ በዚያ ዕድሜዋ ይህን ነግሬያት አላውቅም ነበር። ያኔ አይነገርም ነበር።

ኢተያንና ጎንዴን አልፎ አሰላ ከመግባታችሁ በፊት ቁሉምሳ ነው። ብዙ ተጓዥ እዚህ ቦታ ዓይኑን እንኳን አይጥልም፤ ለእኔ ግን ከማንኛውም ቤተ መንግሥት ይልቅ ስለ አርሲ የሚናገር እሱ ነው። የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የአገሪቱ የስንዴ ምርምር ዋና ቦታ ነው። በ1960 ዓ.ም ገደማ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሁሉም ሰው «ካዱ» የሚለው፣ የምርጥ ዘር ሥራውን ያካሄደው እዚህ ነው። ባለቤቴ የካዱ የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበር። በፈረስ እየዞረ ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያስተዋውቅ ነበር፤ የተዳቀሉ ላሞችንም እንዲሁ።

ከዚያ የሆነውን ሲያወራ ድምፁ ይቀንስ ነበር። ስንዴው በጣም ጥሩ ሆነ። ጥሩ በመሆኑም ባለ መሬቶቹ ትራክተር ገዙና ጭሰኞቹን ከመሬቱ አስለቀቁ። ገበሬውን ሊጠቅም የመጣ ዘር ገበሬውን አፈናቀለ። የተፈናቀሉት መካከል እሱ ራሱ ዘሩን ያስተማራቸው ነበሩበት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ በቆጂ ላይ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፍር እንዳደረ ይነግረን ነበር። የእኔ አባት ያን ሌሊት ቤቱን ዘግቶ ነው ያደረው። እኛ የተጋባነው ከዚያ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

አሁን በታኅሣሥ ያ ስንዴ በኮምባይነር ይታጨዳል። ኮምባይነሮቹ ከማሳ ወደ ማሳ ሲዛወሩ አስፋልቱን ሞልተው በዝግታ ይሄዳሉ፤ ከኋላቸው የተሰለፈው መኪና ደግሞ ትዕግሥት ያልቅበታል። እኛ ከአንዱ ኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ሄድን። ወንዱ ልጄ ሊበሳጭ ሲል የስድስት ዓመቷ ልጅ ግን «ዳይኖሰር ነው» ብላ ተደስታ ነበር። በዚህ ወር ለምትጓዙ፦ በሒሳባችሁ ውስጥ ለኮምባይነር ግማሽ ሰዓት ጨምሩ።

አሰላን ሳንቆም አለፍናት። ልጄ አንገቷን እስክታጣምም ወደ ኋላ እያየች ነበር። ከሳጉሬ ወዲያ አገሩ ሰፊ ይሆናል። ገብስ፣ ባቄላ፣ ስንዴ፤ በስተግራ ተራራ፤ በመንገዱ ዳር ፈረስ የጫነ፣ ፈረስ የተቀመጠ፣ ፈረስ በጋሪ የጠመደ ሰው። የአርሲ ሰውና ፈረስ አይለያዩም። ልጁ የቆጠራቸው ፈረሶች ሰባ ሲደርሱ ተወው።

በቆጂ የደረስነው ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ፀሐይ አለ፤ ብርዱም አለ። ልጆቹ ሹራባቸውን ራሳቸው ጠየቁ፤ እኔም ምንም አልተናገርኩም።

ከተማዋን ለማያውቅ ሰው ልንገር። በቆጂ ትንሽ ከተማ ናት፤ አንድ ዋና መንገድ፣ ባጃጅና ጋሪ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ዙሪያዋን ባሕር ዛፍ። ሐውልት የሚሠራ ሰው ቢኖር ግን ይህችን ከተማ ቦታ ባልበቃት። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር አሸንፋ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች፤ በ1993 ሲድኒ ላይ ደገመችው። ፋጡማ ሮባ በ1988 አትላንታ ላይ በማራቶን ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ቀነኒሳ በቀለ በአቴንስ አንድ፣ በቤጂንግ ሁለት፤ ጥሩነሽ ዲባባ በቤጂንግ ሁለት፣ በ2004 ዓ.ም ለንደን ላይ አንድ። ሁሉም በቆጂና አካባቢዋ ናቸው። ወርቁን ብቻ ቁጠሩት፤ ዘጠኝ ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ በልጅነታቸው ያለፉት በአንድ የትምህርት ቤት መምህር፣ በአሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እጅ ነው። እኔ ራሴ በ1970ዎቹ እዚህ አስተምሬ ነበር። የልጅ ልጄ ስንቱን ኦሎምፒያን እንዳስተማርኩ ጠየቀኝ። አንድም። የእኔ ክፍል ልጆች ጥሩ ገበሬዎች፣ ነርሶችና ሾፌሮች ሆኑ። ፊቱ ላይ ያየሁት ቅሬታ አሁንም ያስቀኛል።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ እውነት መናገር አለብኝ። ልጃችሁ ሯጮቹን በልምምድ ላይ ማየት ከፈለገ የአንድ ቀን ጉዞ አይበቃም። ልምምዱ ማለዳ ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ መኪና ሲደርስ ሯጮቹ ጨርሰው፣ ታጥበው፣ በልተው ነው። ያንን ማየት የሚፈልግ ማደር አለበት። እኛ ያገኘነው ሜዳ ላይ የቀሩ ሰባት ስምንት ልጆችን ነው። አንዳንዱ በላስቲክ ጫማ፣ አንዱ በባዶ እግሩ። የእኔው ልጅ የሚኒሶታ ጫማውን አጥብቆ አብሯቸው ተሰለፈ። የመጀመሪያውን ዙር ከፊት ሆኖ ዞረ። በሁለተኛው ዙር መሐል ላይ ቆሞ ጉልበቱን ይዞ ሲተነፍስ እናቱ ልትሮጥ ተነሣች፤ አስቀመጥኳት። 2,800 ሜትር ላይ አየሩ የሚሰጠው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው ብዙ አይሰማውም፤ ከዝቅተኛ አገር በቅርቡ የመጣ ልጅ ግን ይሰማዋል። ያዞረዋል፣ ራሱን ያመዋል። ውኃ ማጠጣት፣ ማሳረፍ፣ እንዲሮጥ አለመገፋፋት ነው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትውጡ።

ባዶ እግሩን የነበረው ልጅ ዙሩን ጨርሶ ተመልሶ መጣና ከልጁ ጎን ቆመ። ቋንቋ የላቸውም። ጫማውን እያየ በጣቱ ጠቆመ፤ የእኔው ደግሞ የዚያን እግር ጠቆመ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ታላላቅ ሯጮች ትውልድ ቦታ ከሃያ ዓመት በፊት አጥንተው ነበር። አብዛኞቹ የማራቶን ሯጮች ከአርሲና ከሸዋ እንደሆኑ፣ ብዙዎቹም በልጅነታቸው ሩቅ ትምህርት ቤት እየሮጡ ይመላለሱ እንደነበር ጽፈዋል። አሰላ አጠገብ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በየቀኑ አሥር ኪሎ ሜትር ሮጦ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር፣ ደብተር ይይዝበት የነበረው ግራ ክንዱም ሲሮጥ ታጥፎ እንደቀረ ሁላችንም የሰማነው ነው። ልጁን መኪና ይዞ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ወላጅ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አላውቅም። እኔ ልጆቼን በባጃጅ ነበር የምልካቸው።

እትዬ ጋ የደረስነው ከቀኑ 6 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። በር ላይ ወንበር አስወጥተው፣ ነጭ ለብሰው፣ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠው ነበር። የመኪናውን ድምፅ ሲሰሙ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። ልጆቹ «አኮ» እንዲሏቸው ቀድመን አስተምረናል፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ትንሿ ተናግራው ከኋላዬ ተደበቀች። እትዬ ልጁን አቀረቡትና ፊቱን በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጆሮውን። ጆሮው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «የወንድሜ ጆሮ ነው» አሉ። ልጄ ወደ ጓሮ ወጣች።

የቀረበልንን ልዘርዝር። ትኩስ ወተት፣ እርጎ፣ ዳቦ፣ ከዚያ ጭኮ። የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚሠራው የአርሲ ጭኮ ከቶም የልጅ ምግብ ነው እላለሁ። ልጁ ሦስት ጊዜ አስጨመረ፤ ትንሿ ግን ቀምሳ አፏን ጠረገች። እትዬ በኦሮምኛ ያወራሉ፣ እኔ በሰባራ ኦሮምኛዬ ተቀብዬ ለልጄ በአማርኛ፣ እሷ ለልጆቿ በእንግሊዝኛ። አንድ ቀልድ ሦስት ቤት አቋርጦ ልጆቹ ጋ ሲደርስ እትዬ ሳቃቸውን ጨርሰው ነው። እንደገና ይሥቃሉ፤ ልጆቹ ስለሣቁ።

ልጁ አያቱ በልጅነቱ ምን ይመስል እንደነበር ጠየቀ። እትዬ ያወሩት እኔም ሰምቼው የማላውቀውን ነው። አባታቸው ከመሬቱ ሲነሣ እሱ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ሲሄዱ እሱ ከማሳው ጠርዝ አንድ የገብስ ዘለላ ነቅሎ ኪሱ ከተተ፤ በአዲሱ ቦታም ዘራው። «እርሻ ሠራተኛ የሆነው ያኔ ነው እንጂ ፈረንጆቹ ሲቀጥሩት አይደለም» አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሮኝ ሲኖር ይህን አልነገረኝም። ለምን እንደሆነ እገምታለሁ፤ እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃላ።

ወንዱ ልጄ ሰዓቱን ማየት የጀመረው ሰባት ተኩል ላይ ነው። ስምንት ሰዓት መነሣት አለብን። እትዬ መኝታ አንጥፈው ነበር፤ እናድራለን ብለው። እንደማናድር በስልክ ተነግሯቸዋል፣ ግን ማን ያምናል? ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር መጥቶ ለሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ዘመድ በእሳቸው ዓለም የለም። «ለቅሶ እንኳን ከዚህ ይረዝማል» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የአንድ ቀን ጉዞ ኪሎ ሜትሩ ይቻላል፤ የማይቻለው ይህ ነው።

ተነሥተን ቆምን፣ መረቁን። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው አንድ በአንድ ይላሉ፣ እኛ ደግሞ «ሃ ታኡ» እንላለን፤ ይሁን እንደማለት ነው። ልጆቹ በሦስተኛው ላይ ለምደውት ከእኛ አስቀድመው ይሉ ጀመር። በመጨረሻ እንትፍ እንትፍ ብለው ራሳቸው ላይ ረጩባቸው። ትንሿ እንዳትጠርገው ፈርቼ እጇን ያዝኩ። አልጠረገችውም።

አሰላ ዘጠኝ ሰዓት ገባን። አንድ ሰዓት ከሩብ ነበረን። የአርሲ ሙዚየምን ለማየት አስበን ነበር፤ ተውነው። ሙዚየምና የተወለደችበት ቤት ሲወዳደሩ ልጄ የመረጠችውን ታውቃላችሁ። ቤቱ አለ፤ አጥሩ ብሎኬት ሆኗል፣ የነበረው የኮክ ዛፍ የለም። አሁን የሚኖሩበት ሰዎች ማንነታችንን ሲሰሙ ግቡ ብለው ለመኑን፤ አሥር ደቂቃ ገባን። ልጄ ግድግዳው ላይ ቁመቷን የምንለካበትን ምልክት ፈለገች፤ ስንት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል። ልጆቹ ግቢው ውስጥ ከቤቱ ውሻ ጋር ተጫወቱ። ውጭ ቆመን ጭላሎን አሳየኋቸው። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ያ ተራራ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ደመና ይለብሳል፤ ያን ቀን ግን ጥርት ብሎ ነበር። እኔ ወጣት መምህር ሳለሁ ነገ ዝናብ ይኑር አይኑር የምናውቀው በእሱ ነው።

የአሰላ ሰው ቅር እንዳይለው፣ ከተማዋ ከአንድ ሰዓት በላይ ይገባታል። ሙዚየሙ አለ፣ የጥሩነሽ ዲባባ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ፣ ጠዋት ተነሥቶ ወደ ጭላሎ ግርጌ በእግር መሄድ አለ። ለማደር የሚችል ቤተሰብ አሰላ አድሮ በማግስቱ ማለዳ በቆጂ ቢወጣ ከእኛ የተሻለ ያያል። ቤተ መንግሥትና ካቴድራል በአንድ ጠዋት የሚታዩት ሰዎቹ ሁሉ ሞተው ስላለቁ ነው፤ ምንም አይጠይቋችሁም። አርሲ ላይ ግን የምትጎበኙት ሰው በሕይወት አለ፤ ቡና ያፈላል፣ ያስቀምጣችኋል።

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ወረድን። ኢተያን ስናልፍ ስልኬ ጠራ፤ እትዬ ናቸው። «የት ደረሳችሁ?» ዴራ ላይ እንደገና። አዋሽን ስንሻገር እንደገና። መንገዱን በልባቸው ያውቁታል፤ ከተማ በከተማ እየቆጠሩ አብረውን ይወርዱ ነበር። አዳማ ስንገባ ፀሐይ ሊጠልቅ ነበር። የክፍያ መንገዱ ላይ ልጆቹ ተኙ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ገብተን ስደውልላቸው «ጭኮው ደህና ደረሰ?» አሉኝ።

ጭኮው በክዳን ባለው የእንጨት ዕቃቸው ተሞልቶ ተሰጥቶን ነበር። ልጁ ማክሰኞ ከመብረሩ በፊት ጨረሰው። ዕቃው አሁን የእኔ መደርደሪያ ላይ ነው፤ የባለቤቴ እናት የነበረ ዕቃ ነው። ከፋሲካ በኋላ በአውቶቡስ ወስጄ እመልስላቸዋለሁ፤ ሁለት ሌሊት አድራለሁ። ምን ሞልቼበት እንደምሄድ ገና አልወሰንኩም።